ለአድሚራሉ መቃብር ፖርትስማውዝ ድረስ

ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ የተነሳሁት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስለ መንገዱ የምነግራችሁ ነገር የለኝም። ስነቃ መስኮቱ ሁሉ ባሕር ሆኗል። የፖርትስማውዝ ወደብ ጣቢያ ውሃው ላይ በተተከሉ ምሰሶዎች የተሠራ ነው። ስወርድ ዎሪየር የምትባለው ጥቁር የጦር መርከብ አጠገቤ ቆማለች። በፈረንጆቹ 1860 ውሃ ላይ የወረደች፣ በዘመኗ ዓለምን ያስደነቀች የብረት መርከብ ናት። ደጋ ላይ ላደገ ሰው ባሕር ሁልጊዜ አዲስ ነው። ሻንጣዬን ይዤ ብዙ ቆምኩ።

የመጣሁት ግን ለመርከብ አይደለም። ዊልያም ሂዊት የሚባል ሰው መቃብር ለማየት ነው።

እናቴ የአድዋ ልጅ ናት። አድዋ ሲባል ሁላችንም ጦርነቱን እናስባለን። ከጦርነቱ 12 ዓመት በፊት ግን እዚያው ከተማ ውስጥ አንድ ውል ተፈርሟል። ግንቦት 1876 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 3 ቀን 1884 መሆኑ ነው። በአንድ በኩል አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ በሌላ በኩል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አድሚራል ሂዊት፣ ከግብፅ ደግሞ ሜሰን የሚባል ሰው ነበሩ። የታሪክ መጻሕፍት የሂዊት ስምምነት ይሉታል። ይህ ሰው ማን እንደነበር ማወቅ የፈለግኩት ከተማሪነቴ ጀምሮ ነው።

ማደሪያ የያዝኩት ከአንድ መጠጥ ቤት በላይ ነው። 85 ፓውንድ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ሙዚቃው አልጋዬን ያንቀጠቅጠው ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ የባሕር ወፎች ጮሁ። ይህም ይሁን። ያናደደኝ የጠዋቱ ነው። ስልክ ላይ «ቁርስ አለበት» ተብዬ ነበር። ልወጣ ስል 12 ፓውንድ ተጨመረብኝ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን እያየች «እዚህ አልተጻፈም» አለችኝ። ከፍዬ ወጣሁ። በአፍ የተባለ ነገር እኛ ቤት ከወረቀት ይበልጣል፤ እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችን።

በጀልባ ወደ ጎስፖርት ተሻገርኩ። ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በእግር ወደ ሃስላር። ይህ የባሕር ኃይሉ ትልቅ ሆስፒታል ነበር፤ በፈረንጆቹ ከ1753 ጀምሮ ቁስለኛ ሲቀበል ኖሮ በ2009 ተዘጋ። ሂዊት ሜይ 13 ቀን 1888 ያረፈው እዚህ ነው። 53 ዓመቱ ነበር። ረጅሙን የጡብ ግንብ ከውጭ አየሁት። ከ1847 ጀምሮ፣ ገና በ12 ዓመቱ፣ መርከብ ላይ ወጥቶ ሌላ ኑሮ ሳያውቅ እዚህ አለቀ።

ስሙን ያስጠራው ሴባስቶፖል ነው። አዎ፣ አፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ስሙን የሰጡት፣ ዛሬም ቴዎድሮስ አደባባይ ስናልፍ የምናስታውሰው ሴባስቶፖል። በክራይሚያ ጦርነት፣ በ1854 ኦክቶበር፣ ሂዊት የ20 ዓመት ልጅ ሆኖ አንድ መድፍ ያዝዝ ነበር። ሩሲያውያን በብዛት ተጠጉ። መድፍህን አበላሽተህ ሽሽ የሚል ትእዛዝ ደረሰው። ይህ ትእዛዝ ከአለቃዬ አልመጣም፣ እስኪመጣ አልታዘዝም አለ። የምሽጉን ግድግዳ አስፈርሶ መድፉን አዞረና ተኮሰ። ሩሲያውያኑ ተመለሱ። ለዚህና ጥቂት ቀን ቆይቶ በኢንከርማን ለሠራው ሥራ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ። የእንግሊዝ ትልቁ የጀግንነት ሽልማት ነው።

መቃብሩ ያለው በሃይላንድ ሮድ መካነ መቃብር ነው። በአውቶቡስ ሄድኩ። ዝናብ ጀመረ። ቦታው ሰፊ ነው፤ ድንጋዮቹ ዘመዋል፣ ጽሑፋቸው ጠፍቷል። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞርኩ። ጫማዬ ውሃ ገባው። ተስፋ ልቆርጥ ስል ውሻ የያዙ አሮጊት መጡ። የባላቸው መቃብር እዚያ ነው፤ በየሳምንቱ ይመጣሉ። ስሙን ስነግራቸው ምንም ሳይጠይቁ ቀደም ቀደም እያሉ መሩኝ።

ደረስን። «ዘመድህ ነው እንዴ?» አሉኝ።

አይደለም አልኩ። ከዛፍ ሥር ቆመን ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀዱልኝ። ስለ መስቀሉ ሰምተዋል። አድዋን ግን አያውቁም። ስለዚህ ነገርኳቸው።

ሂዊት ከምጽዋ ተነስቶ ደጋውን ወጣ። አድዋ ደርሶ ንጉሠ ነገሥቱን ሳምንታት ጠበቀ። የውሉ ቃል ግልጽ ነበር። ቦጎስ፣ ማለትም ከረንና አካባቢዋ፣ ለኢትዮጵያ ይመለሳል። በምጽዋ በኩል ዕቃም መሣሪያም ያለ ቀረጥ ይገባል፣ እንግሊዝም ትጠብቀዋለች። በምላሹ ኢትዮጵያ ሱዳን ውስጥ ባመፁት ማህዲስቶች፣ እኛ ደርቡሽ በምንላቸው፣ የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች ታወጣለች።

አፄ ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። መተማን ጨምሮ ከየምሽጉ የግብፅ ወታደር በኢትዮጵያ መሬት አልፎ አገሩ ገባ። ራስ አሉላ ለሱዳኗ ከሰላ ዘመቱ፤ ከተማዋ ቀድማ ወድቃ ነበር። ሴፕቴምበር 1885 ኩፊት ላይ ማህዲስቶችን ድል አደረጉ፤ ብላታ ገብሩን ጨምሮ ብዙ ሰው ግን አለቀ። ይህ ሁሉ ሲሆን ምጽዋ የለችም። ውሉ በተፈረመ በስምንት ወሩ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ይዛታለች። ከዚያ ከጣሊያን ጋር የዶጋሊ ጦርነት መጣ። ማህዲስቶች ቂማቸውን ይዘው ጎንደርን አቃጠሉ። በ1889 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መተማ ላይ ወደቁ።

እኔ የሂዊትን ልብ አላውቅም። ምጽዋን የሰጠው እሱ አይደለም፤ ለንደን ያሉት ናቸው። ግን ሴባስቶፖል ላይ «አልታዘዝም» ያለው ሰው ስሙ ያለበት ውል ከፈረሰ በኋላ ሦስት ዓመት በሕይወት ነበር። ድንጋዩ ፊት ቆሜ የከበደኝ ይኸው ነው። ጀግና አይደለም ልል አልችልም። እናቴን ወክዬ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር።

አሮጊቷ ዝም ብለው ሰሙኝ። ሻይዬ ቀዘቀዘ። ውሻው እግሬ ሥር ተኛ።

ዝናቡ ሲያባራ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኙኝ። ከለንደን ከመጣሁ እንደዚህ የሸኘኝ ሰው የለም። እኛ ሰፈር እንግዳ እስከ መንገዱ ዳር ሳይሸኝ አይለቀቅም፤ ደስ አለኝ። አውቶቡሱ ሲመጣ እጄን ያዝ አደረጉ።

«ያ ሰዎቹ ያለቁበት ቦታ፣ ማን ነበር ያልከኝ?»

«ኩፊት።»

ሁለት ጊዜ ደጋገሙት፣ ሁለተኛው ላይ ተስተካከለላቸው።