የጫማዎቹ ቦታ

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጋለሪ ውስጥ ኤግዚቢሽን እተክል ነበር። ሚስማር፣ ሽቦ፣ መብራት የኔ ሥራ ነው።

አንዲት ወጣት ቀራፂ የራሷን ቁመና በጀሶ አውጥታ አመጣች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርነው። ከኋላው 7 ነጠላ ከጣሪያው በዓሣ ማጥመጃ ክር ሰቀልን፣ አንዱን ከአንዱ ጀርባ። በነጠላዎቹ ውስጥ ሲያዩት ቅርፁ እንደ ጉም ይሆናል።

የምርቃቱ ዋዜማ ክፍሉን ስጠርግ በሩ አጠገብ አሮጌ የሴት ጫማ አየሁ። የቀኙ ተረከዝ ተበልቷል። አንድ ሰው ከቦታው ያነሳው መሰለኝ። በእጅጌዬ ጠርጌ ሐውልቱ እግር ሥር አስተካክዬ አስቀመጥኩት። ደስ ብሎኝም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት መጥታ ዝም ብላ ቆመች።

«ጋሼ፣ ጫማውን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ቦታውን የሳተ መስሎኝ።»

በሩን አሳየችኝ። «እኔ እዚያ ነበርኩ። ሰውነቴ እዚህ ቆሞ ሰው ያወራል፣ እኔ እዚያ ሆኜ አየዋለሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል።»

ከመኪና አደጋ በኋላ ነው የጀመራት። ሐኪሞች ዲሶሲዬሽን ይሉታል፤ አእምሮ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው ራሱን ያርቃል። እብደት አይደለም። ስሜቱ ስሜት ብቻ እንደሆነ እሷ ራሷ ታውቃለች፣ ለዚህም ነው የሚያስጨንቃት። ለሰው ማስረዳት ሲያቅታት በጀሶና በነጠላ ሠራችው። ሉዊዝ ቡርዧ የምትባል ቀራፂም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአሮጌ በርና ከሽቦ መረብ ክፍሎች ሠርታ ነበር፤ ብዙዎቹን ሰው ከውጭ ሆኖ ያጮልቃል እንጂ አይገባባቸውም። እኔ ግን ያንን ርቀት በአንድ ምሽት ዘጋሁት። የሥራው ልብ እኮ እሱ ነበር።

ጫማው የነበረበት ቦታ ላይ ምልክት አላደረግኩም፣ ፎቶም አላነሳሁም። አሁን ምንም ነገር ከማንቀሳቀሴ በፊት «ይሄ ሆን ተብሎ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ ወለሉ ላይም ፕላስተር እለጥፋለሁ። ያን ቀን ግን መላ ያገኘችው እሷ ናት። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ በሩ ጋ ቆመች። በነጠላዎቹ ውስጥ ሐውልቱን አየችው። ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እዚህ።»

ተንበርክኬ እግሯን ዙሪያውን በጠመኔ አሰመርኩ። ጣቶቿን ሲሚንቶው ላይ ጫን አደረገቻቸው።

«ይቀዘቅዛል» አለችኝ። «ቅዝቃዜው እዚህ መሆኔን ይነግረኛል። ቀስ ብለው ያስምሩ ጋሼ።»