እማዬ ያጠጣችው ሰማያዊ አበባ

ትናንት ሌሊት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬም በኅዳር የሚጀምር ዝናብ አልለመድኩም። እኔ የማውቀው ኅዳር ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የሰፈሩ ጥራጊ እየተቃጠለ የሚታጠነውን ነው። እዚህ ኅዳር የክረምት በር ነው። ጠዋት ወጥቼ አፈሩን በጣቴ ቆፈር ሳደርገው አንድ ስንዝር ያህል ርሷል። እንግዲህ መትከያው ደርሷል።

የምተክለው ሦስት ችግኝ ብቻ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ቢሆን የመኪናዬ የኋላ ወንበር ሳይቀር ይሞላ ነበር። ያኔ ችግኝ መሸጫ ገብቼ ያበበውን ሁሉ እጭን ነበር፤ ችግኙ ላይ ከሚሰካው ካርድ የማነበውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርድ ይችላል ወይስ አይችልም። ምን ያለ ሞኝነት! በዚህ በባሕር ወሽመጡ ዳር ውርጭ የሚወርደው በክረምት ጥቂት ሌሊት ብቻ ነው። በብርድ የሞተብኝ ተክል አንድም የለም። የሞቱት ሁሉ በውኃ ነው፤ ገሚሱ አጥቶ፣ ገሚሱ ጠግቦ።

ጠግቦ የሞተውን ልጻፍ።

እማዬ አምና ከሰኔ እስከ ነሐሴ እኔ ዘንድ ነበረች። አጥሩ ጥግ ላይ ሲያኖተስ የሚባል የካሊፎርኒያ ቁጥቋጦ ነበረኝ፤ በመጋቢት ሲያብብ ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ ሰማያዊ ይለብሳል፣ ንቡም አያስጠጋም። እሷ ስትመጣ አበባው አልፎ ስለነበር ፎቶውን አሳየኋት። «ይህማ ሰማይ ነው» አለች። ከዚያ ወጥታ ቁጥቋጦውን ስታየው አፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ከሚያዝያ ወዲህ ጠብታ አልነካውም። አዘነችለት። በየጠዋቱ እኔ ወደ ሥራ ስወጣ እሷ ጎመን ያጠበችበትን፣ ምስር ያለቀለቀችበትን ውኃ ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ትሄዳለች። «ሐምሌ ነው እኮ ልጄ!» ትለኛለች። በእሷ አገር በሐምሌ የደረቀ አፈር ላይ የቆመ ተክል የተረገመ ነው።

ካርዱ ላይ «ሥር ከያዘ በኋላ በበጋ አታጠጡ» የሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን እናቴን «ለተጠማ ውኃ አትስጪ» የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቅርንጫፍ ቢጫ ሲሆን ጠማው ብላ ጨመረችለት። በሄደች በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ስነቅለው ሥሩ ጠቁሯል፣ ልጡ በእጄ ላይ ተገፎ ይቀራል።

ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ግቢዬ ዋልካ ነው፤ ውኃ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። በክረምት ቢጨቀይም አፈሩ ስለሚቀዘቅዝ ሥር የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን እምብዛም አይበረቱም። በሐምሌ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙላቸው ግን ሠርጋቸው ነው። ሲያኖተስ ደግሞ በጋውን በድርቅ አንቀላፍቶ ማሳለፍ የለመደ ተክል ነው።

በዚያው ሰሞን በርክሌይ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ስፍራ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1890 የተቋቋመ ነው፤ ተክሎቹም የተመደቡት በአገር በአገራቸው ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሜዲትራኒያን፣ ቺሊ፣ አውስትራሊያ፣ ደቡብ አፍሪካ እያልኩ ስዞር፣ ከእነዚህ ሁሉ ክረምቱ ዝናብ፣ በጋው ደረቅ የሆነበት አካባቢ እንዳለ ልብ አልኩ። እኛ ከዚህ ማኅበር የለንበትም። የአዲስ አበባ ብርድ ከኦክላንድ ብርድ ብዙም አይርቅም፤ ዝናቧ ግን የተገለበጠ ነው። ለካስ እኔ አገሬን በመሰለኝ ብርድ እየመረጥኩ፣ በማይመስለው ዝናብ ስቀብር ኖሬያለሁ።

ጎረቤቴ የተገለበጠውን ዝናብ በገንዘቡ ይገዛል። ቅጠሉ ቀይ የሆነ እንሰት ለጌጥ ተክሎ በጋውን በሙሉ በቧንቧ ያጠጣዋል፤ ሲሸጥለት «የአቢሲኒያ ሙዝ» ተብሎ ነው። እማዬ የጉራጌ ልጅ ናት፤ በአጥሩ ላይ አሻግራ አይታው፣ «ይህ ሰውዬ ስንት ቤተሰብ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ብቻውን ነው የሚኖረው ስላት ዝም አለች። እሱም አንድ ቀን ሙዙ መቼ እንደሚደርስ ጠይቆኝ ነበር። የሚበላ ሙዝ እንደማይሰጥ፣ አንድ ጊዜ አብቦ እንደሚሞት፣ እኛ ደግሞ ሳያብብ ቆርጠን ቆጮ እንደምናደርገው ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ተክሉን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ዛሬ ከምተክላቸው አንዱ ሊዮኖቲስ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ቁጥቋጦ፣ የራስ ክምራችን የቅርብ ዘመድ። ብርቱካንማ አበባው በግንዱ ዙሪያ እርከን በእርከን ተደርድሮ ሳየው ችግኝ መሸጫው መሐል ቆምኩ። ልጅ ሆነን አንድ አንዱን እየነቀልን ማሩን እንመጥ ነበር። ሰው ባይኖር እዚያው እሞክረው ነበር። ሁለተኛው ሳልቪያ ነው፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም፣ የማይሞት ነው። ሦስተኛው ሲያኖተስ ነው። አዎ፣ እንደገና።

ለእሱ ጉብታ ሠራሁለት፣ ውኃው ከእግሩ ሥር እንዳይተኛ። ትልቁን ማሰሮ ትቼ ባለ 1 ጋሎኑን ገዛሁ፤ ትንሹ ሥሩን ቶሎ ይሰዳል፣ ገንዘብም ይተርፋል። ከጎኑ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ተውኩ። የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ባዶ መሬት ሳይ እጄን ይበላኛል። ግንዱን ሳላስነካ ጉዝጓዝ አለበስኩት።

ማታ እማዬ ደወለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጤና አዳሙ ነው። እሷ በእጇ የተከለችው ነው፤ ወገብ ደርሷል፣ በጋውን ያለ አንድ ጣሳ ውኃ ነው ያለፈው። የሜዲትራኒያን ተወላጅ መሆኑን ግን አልነገርኳትም፤ ጤና አዳምን ለማንም አትሰጥም።

«ያ ሰማያዊው እንዴት ሆነልሽ?»

«በመጋቢት ያብባል።»

«ውኃ እንዳትነፍጊው።»

«ሌሊቱን ሲዘንብለት አደረ፣ እማዬ።»