ወረቀቱ «ተገኘ»

በመሥሪያ ቤታችን በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው። «መምህር» ነው የምባለው። ሰንበት ትምህርት ቤት ስላደግሁና ጥቅስ ስለማበዛ ነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር ያወጡልኝ። እየቆየ እኔ አመንኩበት።

የምሠራው ንብረት ክፍል ነው። ዕቃ ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል፣ ሁሉም ቢን ካርድ በሚባለው የዕቃ መከታተያ ካርድ ላይ ይሰፍራል። በቆጠራ ቀን ካርዱና መደርደሪያው ካልተስማሙ የሚጠየቅ ሰው አለ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ደብረ ዘይት የሚባለው የጾሙ እሑድ አልፏል፣ ቀጣዩ እሑድ ገብር ኄር ሊገባ ቀናት ቀርተዋል። እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ አልቀምስም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እንዲያውቅም አደርግ ነበር። ቡና ሲመጣ «አይ፣ እኔ እንኳ ገና ነኝ» እላለሁ፤ ያልጋበዘኝ ሰው ፊት ሳይቀር።

የሩብ ዓመቱን ቆጠራ ስናደርግ 6 የፕሪንተር ቶነር ጎደለ። ካርዱ 14 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው 8 ነው። ደግመን ቆጠርን። ያው 8። ግምጃ ቤቱን የተረከበችው ከተቀጠረች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። የቶነር ዋጋ ደግሞ ይታወቃል፤ ከደመወዟ ይቆረጥ ቢባል ወራት ይፈጃል።

የቆጠራ ኮሚቴው ባለበት፣ ዕቃ ሊወስዱ የመጡ ሰዎች በር ላይ እንደቆሙ ጮህኩባት። «መጠበቅ ካልቻልሽ ለምን ፈርመሽ ተረከብሽ? ወይስ ከማን ጋር ነው የምትካፈሉት?» ሁለተኛውን ጥያቄ አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

«ጋሼ፣ እኔ አላወጣሁም» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዝም አለች።

ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ልጅቷ የወንጌላውያን አማኝ ናት፤ የእኛን ጾም አትጾምም። በልቤ ያልኩትንም ልንገራችሁ፦ «ድሮስ በዐቢይ ጾም እንቁላል ሳንድዊች ይዞ ከሚመጣ ሰው ምን ይጠበቃል?» እኔ በዚያ ሰዓት ሆዴ ባዶ ነው፣ አፌ ግን ሙሉ ነበር። ዐይንም፣ አንደበትም፣ ጆሮም ይጹም የሚለውን ዜማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዚያው ቀን ከሰዓት የማብራሪያ መጠየቂያ ደብዳቤ ጻፍኩላት። በ3 ቀን ውስጥ መልስ እንድትሰጥ።

በማግስቱ፣ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ለመጸለይ ውዳሴ ማርያሜን ከመሳቢያ አወጣሁ። ከእጄ አመለጠና ወለሉ ላይ ወደቀ። አንድ ብጣሽ ወረቀት ከውስጡ ሾልኮ ወጣ። «6 ቶነር ተረክቤያለሁ» ይላል፤ ፊርማ፣ ቀን፣ የካቲት መጨረሻ።

ክው አልኩ። ሁሉም ትዝ አለኝ። ያን ቀን ልጅቷ ሥልጠና ላይ ነበረች። የሞዴል 22 ጥራዙ እሷ ጋ ተቆልፎበታል። አንድ ክፍል ደግሞ ለአስቸኳይ ሥራ ቶነር ይፈልጋል። ትርፍ ቁልፉ እኔ ጋ ስለነበር ከፈትኩ፣ በብጣሽ ወረቀት አስፈርሜ ሰጠሁ፣ ስትመለስ በሞዴል እናስተካክለዋለን ብዬ ወረቀቱን መጽሐፉ ውስጥ ሸጎጥኩት። ያለ ሞዴል ዕቃ እንዳይወጣ በየስብሰባው የምለፈልፈው ሰው እኔው ነኝ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ኋላ ነው ያስተዋልኩት። ውዳሴ ማርያም ለየዕለቱ የተከፈለ ጸሎት ነው፤ ወረቀቱ የተሸጎጠው የረቡዕ ውዳሴ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ረቡዕ አልፏል! ውዳሴ ማርያምን በቃሌ ነው የምደግመው። መጽሐፉን እይዘዋለሁ እንጂ አልገልጠውም። ብገልጠው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ያኔ ምን አደረግኩ? ልጅቷን ለብቻዋ ጠራኋትና «ወረቀቱ ተገኘ፤ ደብዳቤውን ተይው» አልኳት። «ተገኘ።» አማርኛ ለእንዲህ ያለው ጊዜ እንዴት ያለ መሸሸጊያ እንዳለው እዩልኝ። ማን አገኘው፣ የት፣ ማን ጣለው፣ ምንም የለበትም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ሄደች። የት እንደተገኘም አልጠየቀችኝም። ተገላገልኩ አልኩ።

ቅዳሜ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ለፋሲካ ለመቁረብ እየተዘጋጀሁ ስለነበር እንጂ ለዚህ ጉዳይ አልነበረም። በመሐል «ሥራ ቦታ አንዲት ልጅ ላይ ትንሽ ተቆጥቼ ነበር፤ የጠፋው ወረቀት ግን ተገኘ» አልኳቸው።

«የት ተገኘ?»

«መጽሐፍ ውስጥ።»

«የማን መጽሐፍ?»

«የጸሎት መጽሐፍ ነው፣ አባ።»

«ልጄ፣ የማን?»

ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። «ወተት ከተውክ ስንት ቀን ሆነህ?» አሉኝ።

«34።» ቆጠራ ላይ ጎበዝ ነኝ።

«ደግ። ጳውሎስ ያለውን ወተትስ መቼ ነው የምትተወው?»

ዕብራውያን ምዕራፍ 5ን ነው ያሉት። ከጊዜው ብዛት አስተማሪ መሆን ሲገባችሁ እንደ ሕፃን ገና ወተት ትፈልጋላችሁ፤ ጠንካራ ምግብ ግን መልካሙንና ክፉውን መለየት ለለመዱ፣ ላደጉ ሰዎች ነው የሚለውን። ይህን ክፍል ለልጆች ስንት ጊዜ አስተምሬበታለሁ። ወተቱ እነሱ ነበሩ፣ ጠንካራው ምግብ እኔ።

ስግደት ያዙኛል ብዬ ነበር። ስግደት ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ! መቶም ቢሉኝ ሰግጄ እነሣ ነበር። እሳቸው ግን «በሰው ፊት ነው የሰደብካት፤ በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቃት» ብለው ዝም አሉ።

እሑድ የተነበበው የማቴዎስ 25 ወንጌል ነው። ጌታው አገልጋዮቹን የሚቆጣጠርበት፤ አምስት፣ ሁለት፣ አንድ መክሊት። ያው የእኔ ሥራ ነው። አንዱን መክሊት የቀበረው ሰውዬ ሲጠየቅ መጀመሪያ ያወራው ስለ ጌታው ክፋት እንደሆነ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። «አንተ ጨካኝ ነህ» ብሎ ጀመረ። መቅበሩን የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት የኮሚቴውን ሰዎች ግምጃ ቤት ሰበሰብኳቸው። ሌሊቱን ያሰናዳሁት ንግግር ነበር፤ ጥቅስም ነበረበት። ልጅቷን ሳያት ሁሉም ጠፋኝ። «ቶነሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያለ ሞዴል። ወረቀቱንም የጣልኩት እኔ ነኝ። እሷን በሌብነት የጠረጠርኳትም እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ልጅቷ ቢን ካርዱን በእጇ እንደያዘች «ጋሼ፣ እኔም ያን ቀን በልቤ ብዙ ነገር ብዬዎት ነበር፤ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ» አለች። ምን እንዳለችኝ አልጠየቅኳትም። ካርዱ ላይ «ወጪ 6» ብላ ጻፈች፣ ከጎኑ እኔ ፈረምኩ።

ሰኔ 30 ቆጠራ ላይ ደግሞ የአንድ ሣጥን ወረቀት ሰነድ ጠፋ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ውዳሴ ማርያምዎን ይፈትሹልን» አለች ልጅቷ፣ ሁሉም እየሳቀ። ከረቡዕ ጀምሬ ገጽ በገጽ ገለጥኩት። የለም። ደሜ ሞቅ አለ። «እንግዲያውስ...» ብዬ ጀመርኩና አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ሁለታችንም መደርደሪያው ሥር ተንበርክከን መፈለግ ጀመርን።