ከዙጋራሙርዲ እስከ ሎግሮኞ

ዙጋራሙርዲ በሰሜን ስፔን ካለችው ከፓምፕሎና ከተማ በስተ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ፈረንሳይ ድንበር ጥግ ላይ የተቀመጠች የባስክ ሕዝብ መንደር ናት። ጠንቋዮች ይሰበሰቡበት ነበር የተባለው ዋሻ ከቤቶቹ ብዙ አይርቅም፤ ድንጋዩ እርጥብ ስለሆነ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። ርዝመቱ 120 ሜትር ያህል ሲሆን በውስጡ የሚያልፈውን ጅረት የአገሬው ሰው የሲኦል ወንዝ ይለዋል። ጎብኚው እዚህ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ መቆየትን እመክራለሁ፤ የመንደሯ የጥንቆላ ክስ የከረረው ዋሻው ውስጥ ሳይሆን በኑዛዜ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1608 ማብቂያ ማሪያ ዴ ሺሚልዴጊ የምትባል ወጣት ከፈረንሳይ ተመልሳ ጎረቤቶቿን በስም እየጠራች ጠንቋዮች ናቸው አለች። የተከሰሱት በምእመናን ፊት ተናዘዙ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ይቅርም ተባሉ። በመንደሩ ዘንድ ነገሩ አልቆ ነበር። ወሬው ሎግሮኞ ካለው የኢንኩዊዚሽን (ከሃይማኖት ወጥተዋል የተባሉትን የሚመረምር የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተቋም) ችሎት ሲደርስ ግን በጥር 1609 አራት ሴቶች ተወሰዱ። ኑዛዜያችን ሐሰት ነው ብለው ሊያስረዱ በፈቃዳቸው የሄዱ ስድስት ሰዎችም ታሰሩ።

የወይን አገር የሆነችው ሎግሮኞ ከፓምፕሎና በስተ ደቡብ ምዕራብ ናት። ኅዳር 7 እና 8 ቀን 1610 በተካሄደው የአደባባይ ፍርድ ከ53 ተከሳሾች 31ዱ በጥንቆላ የተከሰሱ ነበሩ። ስድስት ሰዎች ከነሕይወታቸው ተቃጠሉ፤ እስር ቤት ለሞቱ አምስት ደግሞ በእነርሱ ፈንታ ምስላቸው ተቃጠለ። ከሁሉ የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው፦ በሕይወት የተቃጠሉት አላደረግንም ብለው የጸኑት ናቸው። ያመነ ሰው ይተርፍ ነበር፤ ለመትረፍ ደግሞ የሌሎችን ስም መጥራት ነበረበት። የተከሳሹ ቁጥር እንዲህ ነው የሚያብጠው።

ከችሎቱ ሦስት ዳኞች አንዱ የነበረው አሎንሶ ዴ ሳላዛር ፍሪያስ በ1611 የምሕረት አዋጅ ይዞ በተራራዎቹ መንደሮች ዞረ። 1,802 ሰዎችን ተቀበለ፤ ከእነርሱ 1,384ቱ ልጆች ነበሩ። ምስክሮችን ለየብቻ ጠይቆ ቃላቸውን አስተያየ፤ አልገጠመም። የጥንቆላ ቅባት ነው የተባለለትን ማሰሮ ሁሉ ሐኪሞች እንዲመረምሩት፣ በእንስሳትም ላይ እንዲሞከር አደረገ፤ አንዱም አልጎዳም። ልጃገረዶች የጠንቋዮች ጉባኤ ተደረገበት ባሉት ሌሊት ጸሐፊዎቹ እዚያው ቦታ ነበሩ፤ ምንም አላዩም። ስለ ጠንቋይ እስኪወራና እስኪጻፍ ድረስ በአካባቢው ጠንቋይም የተደገመበትም እንዳልነበረ ለአለቆቹ ጻፈ። እኔ የማደንቀው ድፍረቱን ብቻ ሳይሆን አጠያየቁን ነው።

ነሐሴ 29 ቀን 1614 ማድሪድ ያለው የኢንኩዊዚሽኑ የበላይ ምክር ቤት ባወጣው መመሪያ፣ ሰው ሲሞት ወይም በረዶ እህል ሲመታ መርማሪው አስቀድሞ ተፈጥሯዊ ምክንያት እንዲፈልግ፣ ተናዛዥ ቃሉን ሲሽርም መሻሩ ሙሉ በሙሉ እንዲመዘገብ ታዘዘ። የሎግሮኞ ችሎት ከዚያ በኋላ በጥንቆላ ማንንም አላቃጠለም። የሳላዛርን ዘገባዎች ማየት ለሚሻ፣ ሰነዶቹ ማድሪድ በሚገኘው ብሔራዊ ታሪካዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል።