የማይቆርጠው መቀስ

ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ ላይ ስቴሽነሪ ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ምሳ የሚባል ነገር የለም። ደብተር፣ የደብተር ልባስ፣ እስኪርቢቶ፣ ላጲስ፣ እንደገና ደብተር። ወላጅ ከትምህርት ቤት የተሰጠውን ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ልጅ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር ጨብጦ አልለቅም ብሎ ያለቅሳል። ሳሪስ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ተቀጥሬ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራውን ጨርሼ ያወቅሁት ይመስለኝ ነበር።

2017 ጳጉሜ 1 ቀን አንድ አባት መጣ። ለልጁ የልደት ስጦታ ይፈልጋል። የተወለደችው ጳጉሜ 6 ቀን 2011 ነው። ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ፣ ልጅቷ በትክክለኛ ቀኗ ሻማ ያጠፋችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2015። ዘንድሮ አምስተኛው ቀን ላይ ሊያከብሩላት ነው።

«ቀኗን ስለበላንባት የሚክስ ነገር ፈልግልኝ» አለኝ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ከውጭ የመጣውን የእጅ ሥራ ዕቃ አየና ዋጋውን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ምንም ሳይል ዓይኑን ከዕቃው ላይ አነሳ።

«ለምን እኛው አንሠራላትም?» አልኩት።

ሐሳቡ ድንገት የመጣልኝ አይደለም። ልጅ ሆኜ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል እየሠራሁ ሰፈር እዞር ነበር። መልአክ መሳል አይሆንልኝም፤ ክንፉ ሁሌ የዶሮ ይመስልብኛል። ስለዚህ አበባ ብቻ ነበር የምሥለው። ዕቃዬን የማስቀምጠው የሸራ ጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። የተሰባበረ ከለር፣ ቆርኪ፣ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት፣ የእናቴ የልብስ ቁልፎች። ያቺን ካርቶን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር። አሁን ሥዕሉ ታትሞ ስለሚሸጥ ልጆች ገዝተው ነው የሚያዞሩት። እኛም እንሸጣለን፤ ምን አፍ አለኝ!

ማታ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ሠራሁት። ባዶ የጫማ ካርቶን አገኘሁና የስጦታ ወረቀት አለበስኩት። ወረቀቱን የቆረጡልኝ የሱቁ ባለቤት ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ሁልጊዜ በምላጭ ነው የሚቆርጡት። ማስመሪያ ያስደግፉና ምላጩን አንዴ ሲጎትቱት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ውስጡን በወፍራም ካርቶን አራት ቦታ ከፈልኩት። አንዱ ጋ ባለ አሥራ ሁለት ከለርና የውሃ ቀለም፣ አንዱ ጋ ባለ ቀለም ወረቀት በልኩ ተቆርጦ፣ አንዱ ጋ ጨሌ፣ ክርና ብልጭልጭ፣ የመጨረሻው ጋ ኮላና ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የልጅ መቀስ። ውሃ ውስጥ ሲገቡ የሚያብጡትን ባለ ቀለም ኳሶችም አንድ ፓኬት ጣል አደረግሁበት። ክዳኑ ላይ አደይ አበባ ሣልኩ። ክንፍ የለውማ።

አባትየው ሲያየው ደስ አለው። ከፍሎ ሄደ። እኔ ፎቶውን በሱቃችን ቴሌግራም ለቀቅሁት። በዚያው ቀን ማታ አሥራ አንድ ትዕዛዝ ነበረኝ። ጋሼን «አየህ ጭንቅላት!» አሰኘኋቸው። ሁለት ማታ አምሽቼ አሥራ አንዱንም አንድ ዓይነት አድርጌ ደረደርኩ። እንደ ዳቦ፣ አንድ ልክ።

ጳጉሜ 4 ቀን ረፋዱ ላይ ያ አባት ተመልሶ መጣ። ፊቱን ሳየው ገባኝ።

«የሸጥክልኝ መቀስ ደነዝ ነው። እስከ ነገ አላስችል ብሎን ትናንት ከፍተንላት፣ ስታለቅስ ነው ያመሸችው።»

መቀሱን ተቀበልኩት። ወረቀት አነሳሁና ፊቱ ቆረጥኩት። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው።

«ይኸው ይቆርጣል» አልኩት። አነጋገሬ ደስ አይልም ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሱቁ በሰው ተሞልቷል፣ ሁሉም ያያል፣ እኔ ደግሞ ማሸነፌን አውቄያለሁ።

«ታዲያ ልጄ ዋሸች ነው የምትለኝ?»

«እኔ እሱን አላልኩም። መቀሱ ግን ይቆርጣል።»

ነገሩ ሊከር ሲል ጋሼ ከጓዳ ወጡ። ማንንም አልተቆጡም። ሰውየውን «ልጅቷ የት ናት?» ብለው ጠየቁት። ቤታቸው ቅርብ ነው። «ሂድ፣ ይዘሃት ና» አሉት።

ይዟት መጣ። ከእግሩ ኋላ ተደብቃ፣ ዓይኗ እንዳበጠ። ጋሼ ጎንበስ ብለው መቀሱንና ወረቀቱን ሰጧት። «የኔ እመቤት፣ እስቲ ቁረጪልኝ።» አባቷን ቀና ብላ አየች። ከዚያ መቀሱን በግራ እጇ ያዘች።

ወረቀቱ አልተቆረጠም። በሁለቱ ስለቶች መሀል ገባና ታጠፈ። ደግማ ሞከረች። አሁንም ታጥፎ ተንጠለጠለ፣ ጠርዙ ታኝኮ።

አንድም ቃል አልወጣኝም። ጋሼ ግን ሳቁ። መቀሱን ከእጇ ተቀብለው እሳቸውም በግራቸው ያዙት። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አላየሁም! የሚጽፉት በቀኝ ነው፤ በግራ ሲጽፉ መምህራቸው በማስመሪያ ጠርዝ ጣታቸውን እየመታ ነው ያዞራቸው። ሌላው ሁሉ ግን በግራቸው ነው። ያ ምላጭ ለካ ለጥራት አልነበረም።

ያስረዱኝ እንዲህ ብለው ነው። በቀኝ እጅህ ስትቆርጥ፣ ሳታውቀው አውራ ጣትህ አንዱን ስለት ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሌሎቹ ጣቶች ሌላውን ወደ ውስጥ ይስባሉ። ሁለቱ ስለቶች ይፋተጋሉ። ወረቀቱን የሚቆርጠው ያ መፋተግ ነው። በግራ እጅ ሲሆን ያው ግፊት ስለቶቹን ያለያያቸዋል። በዚያ ላይ የላይኛው ስለት መስመሩን ይጋርዳል፤ ልጅቷ የምትቆርጠውን አታየውም።

«ገልብጣ ብትይዘውስ?» አልኩ።

«ገልብጠው እስቲ።»

ገለበጥኩት። እውነትም ያው ነው። እንዴትም አድርገህ ብታዞረው የላይኛው ስለት በቀኝ በኩል ነው የሚመጣው። ለግራኝ የሚሆን መቀስ ተገላቢጦሽ ሆኖ ሲሠራ ነው እንጂ በማዞር አይገኝም።

አባትየው ቀስ ብሎ «እኛ ትተወዋለች ብለን ነው» አለ። ቤት ውስጥ በቀኝሽ ብዪ፣ በቀኝሽ ያዢ እያሏት ነው። ለእኔም ያልነገረኝ ለዚህ ነው። እኔም አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት ስንት ብር እንዳለው ብቻ ነው።

ጋሼ ልጅቷን ባንኮኒው ላይ አስቀመጧትና ሁለት ነገር አሳዩአት። አንደኛው የእሳቸው ዘዴ ነው፤ ሲቆርጡ አውራ ጣትን ወደ መዳፍ መሳብ፣ ሌሎቹን ጣቶች ወደ ውጭ መግፋት። በግድ ስለቶቹን ማጋጠም ማለት ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ይከብዳል፣ ግን ሦስተኛው ሙከራ ላይ ትንሽ ቆረጠላት። ሁለተኛው መቀስ የማይፈልግ ነው። ቢጫውን ወረቀት ማስመሪያ ስር አድርገው ቀደዱት። ከዚያ ያለ ማስመሪያ፣ በጣት ብቻ፣ ቁራጭ ቁራጭ አድርገው። የተቀደደ ወረቀት ጠርዙ ላይ ነጭ ጸጉር ያወጣል። ስድስት ሰባቱን ክብ አድርገው ሲደረድሩት አደይ አበባ ሆነ። በመቀስ ከተቆረጠው እሱ ያምራል፤ ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ አስፈቅጄ መርካቶ ወረድኩ። ሰባት ሱቅ ጠየቅሁ። «የግራ መቀስ አለ?» ስል አንዱ «የቀኙን ግዛና ዞረህ ቁም» አለኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

የቀሩት አሥራ አንድ ሳጥኖች ተደርድረው ይጠብቁኛል። ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው ይባላል። እኔ ጋ አሥራ አንድ አለ። ስልኬን አወጣሁና አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ።

የመጀመሪያዋ እናት ጋ አልተሳካልኝም። «ልጅዎ ግራኝ ነው?» አልኳቸው፣ እንደ ዋዛ። «ምን? የኔ ልጅ! በቀኙ ነው የሚበላው፣ በሥርዓት ነው ያሳደግነው!» አሉና ሊዘጉብኝ ምንም አልቀራቸው። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ቀየርኩት። «ድንጋይ ሲወረውር በየትኛው እጁ ነው?» ስለ ድንጋይ ውርወራ ማንም ወላጅ አይዋሽም። ከአሥራ አንዱ አንዱ በግራው ይወረውራል። መቀሱን አውጥቼ በምትኩ ማስመሪያና ወፍራም ቢጫ ወረቀት አስገባሁለት።

ስልኩ ሌላም ነገር አወጣ። አንዷ ስታወራኝ ከኋላ ሕፃን ይጮኻል። «ታናሹ ነው፤ መዳህ ጀምሯል፣ ያገኘውን አፉ ውስጥ ነው» አለችኝ እየሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔ የሚያብጡት ኳሶች ላይ ነበር። ውሃ ውስጥ የሚያብጥ ነገር ሆድ ውስጥም ያብጣል፣ አንጀትም ይዘጋል። ከአሥራ አንዱም ሳጥን ለቅሜ አወጣኋቸው። ለዚያ አባትም ደውዬ እንዲያወጣው ነገርኩት። ጨሌውን ታናሽ ካለበት ቤት አስቀረሁ። የሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ ማለፍ የሚችል ነገር ሁሉ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮ አስጊ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ባዶ ቱቦ ባንኮኒው ስር አለኝ።

ለእያንዳንዱ ሳጥን የሚወስደው ጊዜ እጥፍ ሆነ። ጋሼ ስለ ዋጋው ምንም አላሉም። ትርፉ ግን ቀነሰ፤ እውነቱን ለመናገር።

ከበዓሉ በኋላ፣ መስከረም 3 ቀን፣ አባትና ልጅ ሱቅ መጡ። ልጅቷ ለጋሼ እንቁጣጣሽ ይዛላቸዋለች። የታተመ አይደለም። በተቀደደ ወረቀት የተለጠፈ ቢጫ አበባ፣ ስሩ አረንጓዴ፣ ጎኑ ላይ የሆነ ዶሮ የሚመስል ነገር። መልአክ ነው አለችን። ዘረጋችላቸው።

«በቀኝሽ ስጪ» አለ አባትየው፣ ከአፉ አምልጦት።

ጋሼ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። በዚያው እጃቸው ከኪሳቸው መቶ ብር አውጥተው ሰጧት። አባትየው ወደ ደብተሩ መደርደሪያ ዞሮ ዋጋ የሚያይ መሰለ።

ሥዕሉ አሁን ከገንዘብ መቀበያው በላይ ተለጥፏል። ሁለት አበባ ቅጠሉ ወድቋል፣ ሦስተኛውም ተላቆ ተንጠልጥሏል። ኮላው ርካሽ ስለነበረ ነው። የመረጥኩት እኔ ነኝ።