ጥላው ከታች፣ ቀዳዳው ከላይ

ሦስት ቀን ሙሉ መነጽር ስጠርግ ነው የከረምኩት። በግራ ዓይኔ፣ ከታች በአፍንጫዬ በኩል፣ ጥቁር ነገር ጥግ ይዞ ቁጭ ብሏል። ጣቴ ነክቶት ይሆናል ብዬ መስታወቱን ጠረግሁ፣ አልለቅ አለ። ኋላ መነጽሩን አውልቄ ግድግዳውን ሳይ እዚያው አለ። ያኔ እንኳ "እንቅልፍ አጥቼ ነው" አልኩ። ሰው ራሱን መሸንገል ሲፈልግ ምክንያት አያጣም።

ምልክቱማ ቀደም ብሎ ነበር። ማታ መብራት አጥፍቼ ዓይኔን ሳዞር ጥጉ ላይ ብልጭ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ እንደ ጥላሸት ብናኝ የሚዋኙ ነጠብጣቦች መጡ። ሕመም ግን የለም። ሬቲና፣ ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሲላቀቅ አያምም፤ ትንሽ ቢቆጠቁጠኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እሮጥ ነበር።

ሐኪሟ ብሌኔን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምራ መጀመሪያ በካሜራ ፎቶ አነሳችኝ። የራሴን ዓይን ውስጥ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ብርቱካናማ ሜዳ፣ ደም ሥሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተበትነውበት። ከላይ በጆሮዬ በኩል ግን ቀለሙ ግራጫ ሆኖ፣ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተጨማዶ ይታያል። "ጥላው ከታች ነው እኮ፣ ይሄ ከላይ ነው" አልኳት። ሳቅ አለች። ዓይን ምስሉን ገልብጦ ነው የሚቀበለው፣ ቀና አድርጎ የሚያሳየን አእምሮ ነው፤ ስለዚህ ከላይ የተላቀቀ ከታች ይጨልማል። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ለፈተና።

ከዚያ ኦሲቲ የሚሉት ማሽን ላይ አገጬን አስደገፍኩ። "አረንጓዴውን መስቀል ይዩ፣ ዓይንዎን አያርገብግቡ።" ራጅ አይደለም፣ ዓይንም አይነካም። ነገሩ እንደ አልትራሳውንድ ሆኖ በድምፅ ፈንታ ብርሃን ይልካል፤ ከየንብርብሩ የሚመለሰውን ብርሃን እየለካ ሬቲናውን በቢላ ሰንጥቆ ጎኑን ያየ ያህል ይስለዋል። ሬቲና ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ነው ያለው፣ በስክሪኑ ላይ ግን ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ጠርዝ ይቆጠራል። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ምስል እ.ኤ.አ. በ1991 ነው የታተመው። ከዚያ በፊት ሐኪም እንዲህ ያለውን የሕያው ዓይን ሬቲና ጎን አያይም ነበር።

የእኔው መስመር መሃል ላይ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ተኝቷል። ያች ጎድጓዳ ማኩላ በሚሉት የሬቲናው መሃል ላይ ናት፤ የምናነበውም፣ የሰው ፊት የምንለየውም በሷ ነው። ወደ ጠርዙ ሲሄድ መስመሩ ብድግ ይላል፣ ከሥሩ ጥቁር ክፍተት። ጥቁሩ ፈሳሽ ነው። በቀዳዳ ገብቶ ሬቲናውን ከሚመግበው ንብርብር ላይ እየገፈፈው ነው። ሐኪሟ በእርሳስ ጫፍ ጎድጓዳዋን ነካች፣ ከዚያ ፈሳሹ የቆመበትን። "ማኩላው ገና አልተነሳም። ዛሬ ነው የምንገባው።" በሁለቱ መካከል የነበረችውን ቦታ መቼም አልረሳትም፤ መነጽር ስጠርግ የበላሁት እሷን ነው።

አንድ የገረመኝ ነገር፣ ቀዳዳውን ያገኘው ማሽኑ አይደለም። ሐኪሟ ግንባሯ ላይ መብራት አስራ፣ ሌንስ ይዛ፣ የዓይኔን ዳር ከውጭ በትንሽ ብረት እየተጫነች "ወደ ላይ ይዩ፣ ወደ ግራ" እያለች ፈልጋ አገኘችው። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ቅዳጅ ነው። ዓይንን የሞላው ጄል በዕድሜ ሲሸሽ ሬቲናውን ጎትቶ ይቀደዋል፤ እንደኔ ቅርብ እንጂ ሩቅ የማያይ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ድሮ ሕመምተኛውን አልጋ ላይ አስተኝቶ መጠበቅ ነበር። ዡል ጎናን የሚባል የስዊስ ሐኪም ነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ "ቀዳዳው ካልተደፈነ ዋጋ የለውም" ብሎ የተከራከረው።

ጄሉን አወጡ፣ ቅዳጁን ዙሪያውን በሌዘር አጣበቁ፣ ጋዝ ሞሉበት። ጋዙ እስኪጠፋ አውሮፕላን ክልክል ነው፤ ከፍታ ላይ ያብጣል።

ዛሬ አሥራ አንደኛው ቀን ነው። መጀመሪያ ሁሉም ድብዝዝ ነበር። አሁን ከላይ ጠርቶ፣ ከታች የጋዙ አረፋ ጠርዝ እንደ ውሃ ልክ ይወዛወዛል፣ ራሴን ስነቀንቅ አብሮኝ ይነቀነቃል። አረፋው ዓይኔ ውስጥ ወደ ላይ ነው የሚንሳፈፈው፣ እኔ ግን ከታች ነው የማየው። ዛሬ ጠዋት መስመሩ ከበሩ እጀታ በታች ወርዷል። ትናንት እጀታው ላይ ነበር።