ስቅ ያለውን ልጅ አታስደንግጡት

ኬጂ አስተምራለሁ። ስቅታ በእኛ ክፍል የየዕለት እንግዳ ነው። ልጆቹ ምሳቸውን ቶሎ ጨርሰው ወደ ሜዳ ለመውጣት ይሽቀዳደማሉ። የቀዘቀዘው ፓስታ በቅጡ ሳይታኘክ ይዋጣል፣ ከኮዳው ውሃ ይከተላል፣ ከዚያ ሳቅና ሩጫ ነው። ወዲያው ከአንዱ ጥግ «ህቅ!» ይሰማል። ጓደኞቹም መድኃኒቱን ያውቁታል፤ ከኋላው ቀስ ብለው መጥተው ሊያስደነግጡት ነው።

እኔ ክፍል ይሄ ክልክል ነው። አፉ ውስጥ ምግብ የቀረ ልጅ ድንገት ሲደነግጥ ትን ሊለው ይችላል። እኛ ሰፈር ደግሞ ልጅ ሳለን ከዚህም የባሰ ነበር። «ከድስቱ ሥጋ ሰርቀሽ በልተሻል አሉ!» ይባላል። ልጅቷ ክው ትላለች፣ «ኧረ እኔ አይደለሁም!» ብላ ማልቀስ ትጀምራለች። ስቅታው አንዳንዴ ይቆማል፣ አንዳንዴ ከለቅሶው ጋር ይብሳል። ለአንድ ስቅታ ሲባል ልጅን ሌባ ማለት በፍጹም አይዋጥልኝም። ሌላ ዘዴ ሞልቶ!

ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ ድያፍራም ይባላል። ስቅ ሲለን ይህ ጡንቻ ሳናዘው ድንገት ይኮማተርና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ወዲያው ጉሮሮ ውስጥ ያለው የአየር በር ጥርቅም ይላል። «ህቅ» የምንለው የዚያን መዘጋት ድምፅ ነው። ጨጓራ በምግብ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጋዝ ሲወጠር፣ በጣም የሚያቃጥል ነገር ስንበላ፣ ትኩስና ቀዝቃዛ ሲከታተል፣ ብዙ ስንስቅ ጡንቻውን የሚያዙት ነርቮች ይነካካሉ። የቤት ዘዴዎች አብዛኞቹ ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርጉት። ወይ ትንፋሽ ተይዞ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍ ይላል፣ ወይ ጉሮሮ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል።

አያቴ «ሰባት ጊዜ ተጎንጪ፣ እንዳትተነፍሺ» ትለኝ ነበር። ይህ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይሠራል፤ ለዚህ ነው ከሁሉም የምወደው። ሰባት መሆኑ ግድ አይመስለኝም። ዋናው ነገር በትንሽ በትንሹ፣ በተከታታይ፣ ሳይተነፍሱ መዋጥ ነው። ክፍል ውስጥ ስቅ ያለውን ልጅ አስቀምጠዋለሁ፣ ኮዳውን እሰጠዋለሁ፣ ሌሎቹ ይቆጥሩለታል። ልጁ ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ይጎነጫል። «አምስት! ስድስት! ሰባት!» ሲባል ትንፋሹን ይለቅና ሁሉም ጸጥ ብለው ይጠብቁታል። ካልቆመ «ቲቸር፣ እንደገና!» ይሉኛል። ልጁም አይፈራ፣ አያፍር።

ለአዋቂ ግን ስኳር እመርጣለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ስኳር ምላስ ላይ ማድረግ፣ ሳያኝኩና ውሃ ሳይጠጡ መዋጥ ነው። ፍሬ ፍሬው ጉሮሮን ሲፈገፍገው ይሰማል። ሥራውን የሚሠራውም ያ መፈግፈግ ነው ተብሎ ይታሰባል። ተራ የመንደር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ1971 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች ስቅታ ለያዛቸው 20 ሰዎች ይህንኑ ሰጥተው፣ የ19ኙ ወዲያው እንደቆመ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ከአንድ ቀን በላይ ስቅ ሲላቸው የቆዩም ነበሩባቸው። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ካልወሰዱ ሰዎች ጋርም አልተነጻጸሩም፤ ስለዚህ የመጨረሻ ማስረጃ ነው አልልም። ግን ስኳር የሌለበት ቤት የለም፣ ቢሞከር አይጎዳም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይተወው። እሱ ቀጭን የሎሚ ቁራጭ ይምጠጥ፣ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ስቦ ትንሽ ይቆይ።

እናቴ ደግሞ ስቅ ሲላት «ማን አነሳኝ?» ብላ ነው የምትጀምረው። የሰው ስም አንድ በአንድ ትጠራለች፤ ስቅታው የቆመበት ሰው እሱ ነው ያነሳት። ብዙውን ጊዜ ዱባይ ያለችው እህቴ ላይ ይቆምና ስልክ ይደወላል። ይሄንን ልማድ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

ወደ ሕፃናት ልምጣ፤ በጣም የማስበው ስለነሱ ነው። ታናሽ እህቴ አራስ ሳለች ልጇ ከጠባ በኋላ ስቅ ይለው ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዘች፣ በምራቋ አርጥባ በጣቶቿ ጠቅለል አደረገችና ግንባሩ ላይ ለጠፈችው። ክሩ ስቅታውን ስለማቆሙ ማስረጃ የለም፤ የሕፃን ስቅታ ለራሱም ያልፋል። የክሩ ክፋት ተንሸራቶ አፉ ውስጥ ሊገባ መቻሉ ነው፣ ምራቁም ለአራስ ልጅ ጥሩ አይደለም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ምክር ነበር። «ትንሽ ውሃ በማንኪያ አቅምሺው፣ ካልሆነ ቅቤ አስውጪው።» እባካችሁ፣ ይሄንን አታድርጉ! እስከ 6 ወሩ ከጡት ወተት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ጨርሶ አይሰጥም። ሕፃኑን ቀና አድርጎ ትከሻ ላይ መያዝ፣ ጀርባውን ቀስ እያሉ ቸብ ቸብ ማድረግ፣ ግሳቱ እስኪወጣ መታገስ ይበቃል። ሕፃናት እኮ እናታቸው ማሕፀን ውስጥ ሆነውም ስቅ ይላቸዋል። እሱ ካላለቀሰ እኛም አንጨነቅ። በየጊዜው የሚያስመልሰው ወይም መጥባት የሚከለክለው ከሆነ ግን ለሐኪም ይነገር።

አንዳንድ ስቅታ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ቻርልስ ኦስቦርን የሚባል የአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ገበሬ በ1922 እ.ኤ.አ. አሳማ ሊመዝን ሲል ስቅታ ያዘው። የለቀቀው በ1990 ነው፤ 68 ዓመት መሆኑ ነው። በማግስቱ ዓመት አረፈ። የእሱ ዓይነት እጅግ ብርቅ ነው። ሆኖም ስቅታ ከ48 ሰዓት ካለፈ ከጀርባው ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ፣ የኩላሊት ችግር፣ የአንጎል ሕመም፣ የሚወሰድ መድኃኒትም ሊያመጣው ይችላል። ሐኪም ቤት ለስቅታ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፤ ስኳርና ውሃ እያፈራረቁ ቤት መክረም አይገባም። ከስቅታው ጋር የደረት ውጋት፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር መወላገድ ካለ ሁለት ቀን አይጠበቅም፤ ያኔውኑ መሄድ ነው። ስትሄዱ ስቅታው የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፣ በሽተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችም ከነማሸጊያቸው ያዙ።